የዓድዋ ድል ማርች 1 ነው ወይስ ማርች 2?

ጥያቄው፦ «የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ጠዋት ጠዋት ‹ዛሬ በታሪክ› የሚል አጭር ዝግጅት አቀርባለሁ። የዓድዋ በዓል ዋዜማ ላይ ‹ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን ማርች 2 ቀን 1896 ነው› ብዬ ሳነብ አንድ ልጅ ‹የፈረንጅ መጻሕፍት ሁሉ ማርች 1 ነው የሚሉት› ብሎ በሰው ፊት አረመኝ። ስልኬ ላይ የካቲት 23 ማርች 2 ነው። ጣሊያኖቹ ናቸው የተሳሳቱት ወይስ እኛ አንድ ቀን ዘግይተን እያከበርን ነው? ስምንት ዓመት ደምሮ ቀኑን ከስልክ ማየትስ ለምን አይበቃም?»

ጣሊያኖቹ አልተሳሳቱም። እኛም አልዘገየንም። የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ፣ ያውም በአንዲት ቀን። ውጊያው የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ያ ቀን በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ ዛሬ የካቲት 23 ሲመጣ ግን የፈረንጆቹ ማርች 2 ይሆናል። ሦስቱም አረፍተ ነገሮች ልክ ናቸው። ልክ ያልሆነው «ማርች 2 ቀን 1896» የሚለው ነው። አንቺ የ1888ን ቀን ጠየቅሽ፣ ስልኩ የዘንድሮውን መለሰልሽ። ልጁ ያረመሽ በትክክል ነው፤ ግን «እንግዲያው በዓሉን አንድ ቀን እያሳለፍን ነው» ብሎ ከቀጠለ እሱንም አርሚው።

የዚህ ሁሉ ጣጣ ምንጭ አንዲት ያልመጣች ቀን ናት። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ፣ ያለ ምንም ማወላወል፣ ጳጉሜን ስድስት ያደርጋል። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ስድስተኛዋ ጳጉሜ ትመጣለች፣ በማግስቱ ዘመነ ዮሐንስ ይገባል፣ አለቀ። ፈረንጆቹም ድሮ እንዲሁ ነበሩ። ዩልዮሳዊ በሚባለው አቆጣጠራቸው በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪ 29 ይሆን ነበር። ችግሩ፣ እውነተኛው የፀሐይ ዓመት ከ365 ቀን ከሩብ በ11 ደቂቃ ገደማ ያንሳል። 11 ደቂቃ ምንም አትመስልም፤ ስትጠራቀም ግን በ130 ዓመት ገደማ አንድ ሙሉ ቀን ታክላለች። በ1582 እ.ኤ.አ. የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ የተጠራቀመውን አሥር ቀን ቆርጠው ጣሉት። ሐሙስ ኦክቶበር 4 ማታ የተኛ ሰው ሲነቃ ዓርብ ኦክቶበር 15 ሆኖ አገኘው። ስህተቱ እንዳይደገምም ደንብ ወጣ፦ በሁለት ዜሮ የሚያልቅ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪው 28 ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ 1700፣ 1800 እና 1900 ላይ ፌብሩዋሪ 29 አልመጣም። 2000 ላይ መጣ።

ለእኛ ትልቁ ነገር 1900 ነው። እነሱ ያን ዓመት አንዲት ቀን ዘለሉ፣ እኛ ግን ጳጉሜያችንን እንደ ልማዳችን ቆጥረን አለፍን። ከዚያ ወዲህ የኛ ቀን በነሱ ካሌንደር ላይ አንድ ቀን ወደ ፊት ተገፋ። ዛሬ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነው ብለን ለምደናል አይደል? በአፄ ምኒልክ የዓድዋ ዘመን ግን ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 10 ነበር። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 1889 የዋለው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1896 ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በዛሬ ካሌንደር የዚያን ዘመን ቀን ሲገለብጥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ያሳልፋል።

ዝም ብለሽ አትመኚኝ፣ አብረን እንቁጠረው። 1888 ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ከፊቱ ያለችው ጳጉሜ ስድስት ነበረች ማለት ነው። ስለዚህ የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ በአንድ ቀን ገፋ ብሎ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1895 ዋለ። ከመስከረም 1 ተነሥተሽ የካቲት 1 ለመድረስ አምስት ወር ትጓዣለሽ፤ እያንዳንዱ 30 ስለሆነ 150 ቀን። ከየካቲት 1 እስከ የካቲት 23 ደግሞ 22 ቀን። በድምሩ 172። አሁን ይህንኑ 172 በነሱ መንገድ ተራመጂ። ከሴፕቴምበር 11 እስከ 30 ድረስ 19 ቀን ነው። የኦክቶበርን 31 ስትጨምሪ 50። ኖቬምበር ሲያልቅ 80፣ ዲሴምበር ሲያልቅ 111፣ ጃንዋሪ ሲያልቅ 142። 1896 ለአራት ስለሚካፈል ፌብሩዋሪው 29 ነው፤ እሱ ሲያልቅ 171። አንዲት ቀን ቀረችሽ። ማርች 1።

ይህ አልበቃ ካለሽ የፈረንጁን ካሌንደር ጨርሶ ሳትነኪ የምትፈትሺበት መንገድ አለ። የሳምንቱ ቀን ነው። እነሱ ቀን ሲቆርጡም ሆነ ሲዘልሉ ሰኞና ማክሰኞን አልነኩም፤ እኛ ጋ እሑድ የሆነ ቀን እነሱም ጋ እሑድ ነው። የባሕረ ሐሳቡ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኗ የዘመን አቆጣጠር ስሌት ደግሞ በብዕርና በወረቀት ያልቃል። 5500 ላይ 1888 ደምሪ፣ 7388 ይሆናል፤ ይህ ዓመተ ዓለሙ፣ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረው ዓመት ነው። ለአራት አካፍይው፣ 1847። ምንም ስላልተረፈ ወንጌላዊው ዮሐንስ ነው፣ ቅድም ያልኩሽ ከዚህ የመጣ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ደምሪ፣ 9235። ይህን ለሰባት ስታካፍይው 2 ይተርፋል። 1 ከተረፈ መስከረም 1 ማክሰኞ ነው፣ 2 ከተረፈ ረቡዕ፣ እያለ ይቀጥላል፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ። ስለዚህ የ1888 እንቁጣጣሽ ረቡዕ ነበር። 172 ቀን ደግሞ 24 ሳምንት ከ4 ቀን ነው። ከረቡዕ በኋላ አራት ቀን ቁጠሪ፦ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ዓድዋ እሑድ ነው። ማርች 1 ቀን 1896ም እሑድ ነው። ማርች 2 ሰኞ ነው። የዓድዋን ታሪክ ሲያወሩ የሰማሻቸው አዛውንት ሁሉ «እሑድ፣ የጊዮርጊስ ዕለት» እንጂ «ሰኞ» ሲሉ ሰምተሽ አታውቂም።

ያው ስህተት ሌሎች ቀኖችም ላይ ይጠብቅሻል። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ያ ቀን ኤፕሪል 13 ቀን 1868፣ ሰኞ ነበር። ዛሬ ሚያዝያ 6 ስትከፍቺ ግን ኤፕሪል 14 ታገኛለሽ። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው፣ በነሱ ሜይ 2 ቀን 1889፤ ዛሬ ሚያዝያ 25 ሜይ 3 ነው። በጣም የሚገርመው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልደት ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 መሆኑ የታወቀ ነው፤ በፈረንጅኛው በየመጽሐፉ ጁላይ 23 ቀን 1892 ተብሎ ይጻፋል። ቅድም ባሳየሁሽ ስሌት ብትሄጂበት የዚያ ዓመት ሐምሌ 16 ዓርብ ነው። ጁላይ 23 ቀን 1892 ግን ቅዳሜ ነው። ትክክለኛው ጁላይ 22 መሆን ነበረበት። ከ1900 በኋላ ያለውን አቆጣጠር ወደ ኋላ ወስዶ መለጠፍ በተራ ሰው ብቻ የሚደርስ ስህተት እንዳይመስልሽ ነው ይህን መንገሬ። እዚህ ላይ ግን አንድ ምክር፦ በሚኒ ሚዲያ ላይ ይህን ልታርሚ አትሞክሪ። «ሐምሌ 16» በይና እለፊ፣ አለዚያ ጠዋቱን ሙሉ ስትከራከሪ ትውያለሽ።

ወደ ኋላ በሄድሽ ቁጥር ልዩነቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ከ1582 በፊት ጎርጎርዮሳዊ የሚባል አቆጣጠር በምድር ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ የታሪክ ሰዎች ለዚያ ዘመን አሮጌውን ዩልዮሳዊ ነው የሚጠቀሙት። አፄ ገላውዴዎስ በጦር ሜዳ የወደቁት መጋቢት 27 ቀን 1551 ዓ.ም. ነው። መጻሕፍቱ ማርች 23 ቀን 1559 ይላሉ። ዛሬ መጋቢት 27 ኤፕሪል 5 ነው። በሁለቱ መካከል 13 ቀን አለ፣ ግን ማንም አልተሳሳተም። ለዚያ ዘመን የኛ መስከረም 1 በነሱ ኦገስት 29 ነበር፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 30። ይህን ሳታውቂ በስልክ የምትገለብጪ ከሆነ የመካከለኛውን ዘመን ባትነኪው ይሻላል።

አሁን ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን እንምጣ፤ እዚህ ነገሩ ይቀላል፣ ሆኖም አንድ ወጥመድ አለው። ጳጉሜ ስድስት ከሆነች በኋላ፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 እስኪመጣ ድረስ፣ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። ለዚህ ነው ጥምቀት አንዳንዴ ጃንዋሪ 19 አንዳንዴ 20 የሚሆነው። ለዚህም ነው የሚሊኒየሙ እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 1 ቀን 2000፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 የዋለው። ገናን ብቻ ቤተ ክርስቲያን በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ስለምታከብረው ጃንዋሪ 7 ላይ ረግቶ ይቆያል። ወደ ታሪኩ ስንመለስ፣ የካቲት 12 ቀን 1929፣ የሰማዕታቱ ቀን፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግን የካቲት 12 ፌብሩዋሪ 20 ላይ ዋለ። ያን ዓመት ስልክሽን አይተሽ ብትጽፊ ኖሮ እንደገና በአንዲት ቀን ትስቺ ነበር።

ከማርች 1 በኋላ ግን እፎይ ማለት ይቻላል። ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ያለው ቀን ከ1900 ወዲህ ቋሚ ነው። ግንቦት 20 ምንጊዜም ሜይ 28 ነው፣ በ1983 (1991 እ.ኤ.አ.) ሆነ ዘንድሮ። ሚያዝያ 27 ምንጊዜም ሜይ 5 ነው። ይህች ቀን እንዲያውም ለዝግጅትሽ ወርቅ ናት። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ገቡ፤ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ በሁለቱም አቆጣጠር በዚያው ቀን። እንዲህ ዓይነት ገጠመኝ በየቀኑ አይገኝም።

«ስምንት ዓመት መደመር ለምን አይበቃም» ላልሽው፣ ዓመቱን ሙሉ ስለማይሠራ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 የሚደመረው ሰባት ነው፤ ፈረንጆቹ ዓመት ሲለውጡ ስምንት ይሆንና እስከ ጳጉሜ ይዘልቃል። እኔ ራሴ ገና ጀማሪ ሳለሁ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ንግሥ 1931 ብዬ ለኅትመት ሰጥቼ ነበር፤ 1923 ላይ ስምንት ደምሬ። አራሚዋ በቀይ እስክሪብቶ ከብባ «ጥቅምት እኮ ነው!» ብላ ጽፋ መለሰችልኝ። አልረሳውም። ንግሡ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነው፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1930። የአፄ ምኒልክ ዕረፍትም እንደዚሁ ነው፦ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1913። የካቲት 1966 አብዮቱ ፈነዳ ስትዪ 1974 ነው። ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967ም 1974 ነው፣ ሴፕቴምበር 12። በእኛ ሁለት ዓመት፣ በነሱ አንድ ዓመት። ይህን ሳያዩ «ከሁለት ዓመት ትግል በኋላ» ብለው የጻፉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ወራት ናቸው እንጂ ሁለት ዓመት አይደለም።

የውጭ አገር ታሪክ ላይ ነገሩን ገልብጪው። እነሱ በራሳቸው ቀን የመዘገቡትን በነሱ ቀን ያዢው። ኒው ዮርክ ላይ መንትያ ሕንፃዎቹ የተመቱበት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የእኛ መስከረም 1 ቀን 1994 ነው፤ በእንቁጣጣሽ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ46 ላይ። ያኔ ልጅ ያልነበረ ሰው ጠይቂ፣ በዓሉ እንዴት እንደዋለ ይነግርሻል። ግን «በእንቁጣጣሽ ቀን የሆነ» ብለሽ በየዓመቱ መስከረም 1 ላይ ብታነቢው፣ በ2016 ዓ.ም. ትስቺ ነበር፤ ያን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ገና ጳጉሜ 6 ነበር። የውጭውን በውጭው ቀን፣ የእኛን በእኛ ቀን።

እነሱም ቢሆኑ እርስ በርስ አይስማሙም፣ ስለዚህ የፈረንጅ ቀን ሁሉ አንድ ነው ብለሽ አትሞኚ። የሩሲያ የጥቅምት አብዮት ኖቬምበር 7 ላይ ሲከበር የኖረው፣ በ1917 ሩሲያ ገና በአሮጌው ስለምትቆጥርና በነሱ ኦክቶበር 25 ስለነበር ነው። ሼክስፒርና ሰርቫንቴስ በአንድ ቀን፣ ኤፕሪል 23 ቀን 1616 ሞቱ ሲባል ትሰሚያለሽ። ደስ የሚል ወሬ ነው። ግን ያኔ ስፔን በአዲሱ፣ እንግሊዝ በአሮጌው ነበር የሚቆጥሩት፣ በመካከላቸውም አሥር ቀን ነበር። እንግሊዝ አዲሱን የተቀበለችው በ1752 ነው። «በአንድ ቀን ሞቱ» የሚል ነገር ስታገኚ መጀመሪያ ሁለቱ ሰዎች የትኛው ካሌንደር ሥር እንደነበሩ ጠይቂ።

ሰዓትም ቀን ይለውጣል። ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃን የረገጠበት ቀን በአሜሪካኖቹ ጁላይ 20 ቀን 1969 ማታ ነው። እኛ ጋ ያኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ56 ነበር፣ ሊነጋጋ ሲል። መንኮራኩሯ ያረፈችው ሐምሌ 13 ቀን 1961 ሌሊት 5 ሰዓት አልፎ ነው፤ እግሩ የነካው ግን በፈረንጆቹ የእኩለ ሌሊት ድንበር ከሄድን ሐምሌ 14 ሊነጋ ሲል ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ሳይነጋ ቀኑ ተለወጠ አይልም። እንዲህ ሲያጋጥምሽ «በ13 ለ14 አጥቢያ» ብለሽ ጻፊ። አያቶቻችን የሚሉት ይህንኑ ነው፣ ይበቃልም።

ሌላው፣ አንዳንድ ነገር አንድ ቀን የሚባለው በስሙ ብቻ ነው። የካቲት 12 እንላለን፣ ጭፍጨፋው ግን ለሦስት ቀን ነው የቀጠለው። የታኅሣሡ 1953 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታኅሣሥ 4 ማታ ተጀምሮ በማግስቱ ነው በሬዲዮ የተነገረው። አንዱ መጽሐፍ 4 ቢል ሌላው 5 ቢል አትደናገጪ፤ አንደኛው ጅማሬውን፣ ሌላኛው አዋጁን ነው የሚያወራው። አንቺ የትኛውን እንደያዝሽ ተናገሪ እንጂ ሁለቱን አታዳቅዪ።

ዝርዝርሽን በኮምፒውተር የምታስቀምጪ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ኤክሴል ከ1900 በፊት ያለን ቀን እንደ ቀን አያውቀውም። ይባስ ብሎ 1900 ላይ ፌብሩዋሪ 29 ነበረ ብሎ ያምናል፤ ያቺኑ ያልመጣችውን ቀን! ከድሮ የሒሳብ ፕሮግራም ጋር እንዲስማማ ተብሎ ሆን ተብሎ የተተወ ስህተት ነው። ስለዚህ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ቀን እንደ ተራ ጽሑፍ አስገቢው፣ ስሌቱን ለሱ አትተዪ። የስልክ መቀየሪያዎች ብዙዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ግን አንድ ሁኔታ አለ፦ ዓመቱን ጨምረሽ «የካቲት 23፣ 1888» ብለሽ ካላስገባሽ አይጠቅሙሽም። ወሩንና ቀኑን ብቻ ካየሽ የዘንድሮውን ነው የሚነግሩሽ። ያገኘሽውን መልስ ደግሞ በሳምንቱ ቀን ፈትሺው። ባሕረ ሐሳቡ እሑድ ብሎ መቀየሪያው ሰኞ ካለ፣ መቀየሪያውን ጣይው።

እንግዲህ ምን ታድርጊ? የኢትዮጵያን ታሪክ በኢትዮጵያ ቀን መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው፣ ሌላ አማራጭ አትፈልጊ። የካቲት 23 በማንኛውም ዓመት የዓድዋ ቀን ነው፤ የፈረንጁ ጎን ማርች 1 ይሁን 2 በዓሉን አይመለከተውም። ልብ በይ፣ ነገሩ እዚህ አይቆምም፤ 2100 እ.ኤ.አ. ላይ እነሱ ፌብሩዋሪ 29ን እንደገና ይዘላሉ፣ ከዚያ በኋላ የካቲት 23 ማርች 3 ይሆናል፣ እንቁጣጣሽም ሴፕቴምበር 12 ላይ ይለምዳል። በዓላችንን በነሱ ካሌንደር ላይ ብናስረው ኖሮ በየጊዜው ስናንሸራትተው ልንኖር ነበር። የፈረንጁን ቀን መጥቀስ ከፈለግሽ ጥቀሺ፣ ግን ድርጊቱ የተፈጸመበትን ዓመት ቀን እንጂ የዘንድሮውን አይደለም። ከዓመተ ምሕረቱ ጎን ዓ.ም.፣ ከነሱ ጎን እ.ኤ.አ. ሳትጽፊ ቁጥር አትተዪ፤ 1966 ብቻውን ለአድማጭ ሁለት የተለያየ ዘመን ነው። ቀኑ በእርግጠኝነት ካልታወቀ ደግሞ ወሩን ብቻ በይ። ዝርዝርሽ ላይ ባዶ ቀን ሞልቶ እንዲታይ ብለሽ አትገምቺ።

ለሚቀጥለው ዋዜማ ይህን አንብቢ፦ «ነገ የካቲት 23 ነው። በ1888 ዓ.ም. በዚህች ቀን፣ በዕለተ እሑድ፣ የኢትዮጵያ ጦር ዓድዋ ላይ ድል አደረገ። ቀኑ በዘመኑ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነበር።» ጽሑፉ ረዘመብኝ ካልሽ የመጨረሻውን አረፍተ ነገር ቁረጪው። እሑድን ግን አትንኪ። ያ ልጅ እንደገና እጁን ካወጣ ወረቀትና እስክሪብቶ ስጪውና 5500 ላይ 1888 ይደምር።